የሐይቁ ዳክዬና የባሕሩ ዛጎል

የመምህር ይኸነው አስከሬን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ሐይቅ ዳር ተደፍቶ የተገኘው ማለዳ ነበር። ኢንስፔክተር ሶስና ስትደርስ የሟቹ ዘመዶች ዓሣ አስጋሪውን ደሴን ከበው «ገዳይ!» ይሉታል። መምህሩ ለመጥፋት የተቃረቡትን ዳክዬዎች መረብ እየፈጃቸው ነው ብሎ ማስገር ካስከለከለ ወዲህ፣ ሁለቱ በሰው ፊት ተጣልተው ነበር።

ሶስና በሟቹ ማጅራት ላይ የጣት ሰንበር አየች። የተጨበጠ እጁን ፈልቅቃ ስትከፍት፣ ቀይ ክር የተንጠለጠለባት ትንሽ ዛጎል ወደቀች።

«ሲሞት ያየ አለ?»

«እኔ» አለ የሐይቁ ጥበቃ ክንዴ፣ የፈረሱን ልጓም እንደያዘ። «ማዶ ነበርኩ። ያቺ የሚወዳት ዳክዬ ከሣሩ ወጥታ ስትሮጥ ተከተላት፤ አዳለጠውና ገባ። አልደረስኩለትም።»

«ዛጎሏስ?»

«ከዚሁ ዳር ለቅሟት ይሆናላ። ሐይቁ ቀንድ አውጣ መች ያጣል!»

ሶስና በዙሪያዋ የነበሩትን ሰዎች ሁሉ ሰበሰበች። የሟቹ ባልደረባ ወደሆነችው የባዮሎጂ መምህርት ወደ ዮዲት ዞረች።

«ዳክዬዋንና ዛጎሏን አነጻጽሪልኝ እስቲ።»

ዮዲት እንባዋን ጠረገች። «ሁለቱም ከውኃቸው ርቀው አይሆንላቸውም። ዳክዬዋ እግሯ ወደ ኋላ የገባ ስለሆነ በየብስ አትሮጥም፤ ስትደነግጥ ትጠልቃለች። ዛጎሏ ደግሞ የባሕር ቀንድ አውጣ ናት፤ ጨው በሌለው ውኃ አትኖርም።»

«ሰማችሁ?» አለች ሶስና። «ዳክዬዋ አልሮጠችም፤ ክንዴ የነገሩን ያላዩትን ነው። ዛጎሏም የዚህ ሐይቅ አይደለችም፤ ተበስታ በክር የተሰካች የፈረስ ጌጥ ናት። ደሴ ደግሞ ፈረስ የለውም።»

ወደ ክንዴ ፈረስ ሄዳ በግንባሩ የወረደውን ጋማ ገለጥ አደረገች። ከጋማው ሥር በተሰካው የዛጎል ጌጥ ረድፍ መካከል አንድ ቦታ ባዶ ነው፤ ቀዩ ክር አሁን የተበጠሰ ይመስላል።

«ማዶ የነበረ ሰው የፈረሱን ጌጥ ሟቹ እጅ ምን አስገባው?»

ክንዴ ልጓሙን ለቀቀ። «ደሴ ከተከለከለ ወዲህ በስውር መረብ የምጥለው እኔ ነኝ» አለ። «የሞቱትን ዳክዬዎች አገኘብኝ። ልከስህ ነው ብሎ ፈረሴን ያዘ... ውኃ ውስጥ ደፈቅሁት።»

ክንዴ ካቴና ሲገባለት፣ ቀድሞ «ገዳይ!» ይሉት ከነበሩት ዘመዶች አንዱም ደሴን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ደሴም አልወቀሳቸውም። ታንኳውን ገፍቶ ወደ ሐይቁ ገባና የክንዴን መረብ ጎትቶ አወጣ። አንዲት ዳክዬ ነፍሷ አልወጣም። ክሩን በቢላዋው ቆራርጦ ለቀቃት፤ ጠለቀች።

ሁሉም ዓይኑን ከውኃው ሳይነቅል ጠበቀ። ብዙ ርቃ ሄዳ ብቅ አለች።

ደሴም ያን ጊዜ ለመምህሩ አለቀሰ።