አባ ቦይና አርባው ክንድ

የጋሪ ዘመን ሳያበቃ የጭነት መኪና ዘመን አንድ እግሩን ባስገባበት ዓመት፣ ክረምቱ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የገጠሩ ምክር ቤት የመንገድ ሹም ከማለዳ ጀምሮ በዝናብ ውስጥ ይመላለስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አካፋ ከትከሻው ወርዶ፣ የቦይ ወሬም ከአፉ ጠፍቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሀገሬው ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ትቶ «አባ ቦይ» ይለው ነበር።

በዚያን ጊዜ የመንገድ ጥገና በየደጁ ነበር። ምክር ቤቱ መንገዱን በገመድ ለክቶ ለእያንዳንዱ ቤት ከደጁ ፊት ያለውን አርባ ክንድ ይሰጠዋል፤ ባለቤቱም ይደለድላል፣ ጠጠር ያለብሳል፣ ይጠርጋል፤ ያለ ፈቃዱም ሹም ቢሆን አካፋ አያሳርፍበትም። ሥርዓቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ሁሉም መንገዱን እንደ ሙሽራ ካሳመረ በኋላ፣ ጋሪው ሲገባ እንዳይንገጫገጭ ብሎ ከደጁ ፊት ያለውን ቦይ በድንጋይና በአፈር ይደፍነዋል፤ ውሃውም መሄጃ ሲያጣ መንገዱ ላይ ይተኛል። አባ ቦይ ለምኖም፣ ተቆጥቶም፣ ቀልዶም ሁሉንም አስከፍቶ ነበር፤ የቀረው አንድ ደጅ ብቻ፣ እሱም የገዛ አማቹ፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ደጅ ነበር። አማቹ የምክር ቤቱ አባል ነው፤ የመንገዱም ዝቅተኛ ቦታ የእሱ ደጅ ነው።

ነገሩ የዋዛ አልነበረም። በዚያ ቀን ረፋዱ ላይ ከበላይ የተላከ የመንገድ ተቆጣጣሪ በጭነት መኪና ይመጣል። መኪናው ሳይሰጥም የምክር ቤቱ አዳራሽ ከደረሰ መንገዱ በመዝገብ ይጸናል፤ ከሰጠመ ይሰረዛል፤ ሰባት መንደሮችም ከገበያና ከሐኪም ይቆረጣሉ።

አባ ቦይ ከአማቹ ደጅ ሲደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አለፈ። አማቹ ጃንጥላ ይዞ ብቅ አለ።

«ደጄን ልታፈርስ መጣህ?»

«ደጅዎን አይደለም ጋሼ፤ ቦዩን ነው።»

«ጋሪዬ በምን ይግባ? ክንፍ ላውጣለት?»

አባ ቦይ ሳቁ መጣበት፤ ዋጥ አደረገው። «ሳንቃ አጋድምልዎታለሁ፤ ጋሪዎ በላይ፣ ውሃው በታች ይለፍ። ፈቃድዎን ብቻ ይስጡኝ።»

አማቹ ጃንጥላውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። በአዳራሹ ስለ መንገድ ከማንም በላይ የሚናገር ሰው፣ ከራሱ ደጅ ላይ «እሺ» ማለት አቃተው፤ በታናሽ እህቱ ባል መታዘዝ ከብዶታል።

በዚህ መካከል የአባ ቦይ ሚስት ቀሚሷን ከወገቧ ሸብ አድርጋ፣ ዶማ ተሸክማ መጣች። ባሏን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«ጋሼ፣ ይሄ የአባታችን ደጅ ነው። ከአርባው ክንድ ሃያው የኔ ነው፤ የራሴን ልከፍት ነው።»

«የትኛው ሃያ?»

«ቦዩ ያለበት።»

አማቹ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳቅ አመለጠው። ጃንጥላውን አጥር ላይ ሰቅሎ አካፋ አወጣ። ሦስቱ ተጋግዘው የመጨረሻውን ድንጋይ ሲነቅሉ ውሃው እያጓራ ወረደ፤ የመንገዱም ጀርባ እንደ ዓሣ ጀርባ ጠጠሩን እያብለጨለጨ ብቅ አለ።

መኪናው ሲመጣ ሰው ሁሉ በየአርባ ክንዱ ላይ አካፋውን ተደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሞ ነበር። ጎማው ከዝቅተኛው ቦታ ደረሰ፤ ጠጠር ፈነጠቀ፤ አለፈ፤ ሰዉም ከኋላው ተከትሎ ወደ አዳራሹ ጎረፈ። ተቆጣጣሪው ከአዳራሹ ደጅ ወርዶ ጫማውን አየ፤ ጭቃ አልነካውም።

«ክቡር ሊቀ መንበር፣ ይህን መንገድ የሚጠብቀው ማን ነው?»

የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ጉሮሮውን ሲጠርግ የአባ ቦይ አማች፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደ ሆነ፣ ቀደመው።

«አማቼ ነው፣ ክቡር ሆይ። እኛ አካፋ ያዦቹ ነን።»

የአዳራሹ ደጅ በጭብጨባ ተናወጠ። አባ ቦይ ግን እዚያ አልነበረም፤ ጭብጨባውን የሰማው ከአማቹ ደጅ ተንበርክኮ ቃል የገባውን ሳንቃ ሲለካ ነው። ሚስቱ የሳንቃውን ጫፍ ይዛለት ነበር፤ ተያዩና ሳቁ።

መዝገቡ «መንገዱ ደኅና ሆኖ ተገኝቷል» ይላል፤ ከሥሩ የሊቀ መንበሩና የተቆጣጣሪው ፊርማ አለ። የአባ ቦይ ስም የለበትም፤ የሚስቱማ ጭራሽ። ጋሪው ቀርቷል፤ ሳንቃውም በስብሶ በድንጋይ ተተክቷል። ውሃው ግን፣ ልጆቼ፣ መዝገብ አያነብምና እስከ ዛሬ እነሱ በከፈቱለት በኩል ይወርዳል።