ለምደውታል

አዛውንቱ አናጢ አንሶላ እንደለበሱ ነው። ከአንጀታቸው ወደ ደማቸው የገባው ባክቴሪያ ገድሏቸዋል። መርማሪዋ የተወጋውን ክንዳቸውን አይታ መልሳ ሸፈነችው። እንዲህ ያለ ክንድ ማየት ሰልችቷታል።

«መድኃኒቱን ሸጣ አባዬን ውሃ ነው የወጋቻቸው» አለች ልጃቸው ወደ ነርሷ እየጠቆመች።

ፖሊሱ ሊወስዳት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ባክቴሪያው የተዘራበትን ሳህን አወጣ። መድኃኒት የተነከሩ ክብ ወረቀቶች ተደርድረውበታል። የሁለቱ ዙሪያ ባክቴሪያው ሞቶ ጠርቷል፤ አናጢው ይወጉት በነበረው መድኃኒት ዙሪያ ግን ባክቴሪያው ጥግ ድረስ በቅሏል።

«ይህን እያወቅህ ዝም አልክ?» አለችው መርማሪዋ።

«ኧረ ለነርሷ ደውዬ ተናግሬያለሁ።»

«እኔም ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ» አለች ነርሷ።

ዶክተሩ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «የሰማሁት ደግ ወሬ ነበር። መርፌው ያስመልሳቸው ነበር። ‹ለምደውታል› ስትለኝ፣ ቀጥይበት አልኳት።»

«ለምደውታል? በአንቱታ?»

«ሽማግሌ ናቸው፤ ምን ትበል ታዲያ?»

መርማሪዋ በማግስቱ ሁሉንም ሰበሰበች።

«በስሪንጁ ውስጥ የቀረችውን ጠብታ፣ መድኃኒት ባልለመደ ባክቴሪያ ላይ አስሞከርኩ። ጠራርጋ ገደለችው። ስለዚህ ውሃ አልነበረም። ቀጥሎ ስልኩ ነው። ምን ነበር ያልከው?» አለችው የላቦራቶሪውን ባለሙያ።

«‹የአናጢው ውጤት መጥቷል፤ መድኃኒቱን ለምዶታል› ነው ያልኩት።»

«ማን ነው የለመደው?»

«ባክቴሪያው ነዋ።»

መርማሪዋ ወደ ነርሷ ዞረች። «አንቺስ ማን መሰለሽ?»

«እሳቸው ናቸዋ» አለች ነርሷ በቀስታ። «ደማቸውን አይቶ ያወቀ መሰለኝ። ደግሞ የአባቱን እኩያ ‹ለምዶታል› ይላል፣ ምን ዓይነት ስድ ነው ብዬ፣ ለዶክተሩ አስተካክዬ ነገርኩት።»

«ባክቴሪያን አንቱ የሚል ሰው አላጋጠመኝም» አለች መርማሪዋ። «ዶክተሩ ‹ለምደውታል› ሲባል ሽማግሌው ተሻላቸው ብሎ ደስ አለው። ሳህኑን ወርዶ ቢያይ ኖሮ መድኃኒቱን ይቀይር ነበር። የሰረቀ የለም። የዋሸም የለም።»

ልጅቷ ፖሊሱን «ተዋት፤ ክሴን አንስቻለሁ» አለችው።

ነርሷ ግን አልተነሳችም። የላቦራቶሪውን ሰው ነበር የምታየው።

«ከአናጢው አጠገብ የተኙት ሰውዬስ?» አለችው። «ስለ እሳቸውም ‹ለምዶታል› ብለኸኝ ነበር እኮ።»

ዶክተሩ ወንበሩን ገፍቶ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ሮጠ።