የልብስ ሰፊዋ ምስክር

መጥሪያ አድራሹ ከደረጃው ሥር በጀርባው ተዘርሮ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜውን ሙሉ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲያድል የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን የመጣው ሊመሰክር ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረውን ባሏ የሞተባትን ልብስ ሰፊ፣ የባሏ ወንድም «ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ ከሷት «መጥሪያ ደርሷት ቀረች» ተብሎ በሌለችበት ተፈርዶባታል። መጥሪያው ግን አልደረሳትም። ፍርዱ እንዲነሳላት አመልክታ፣ መጥሪያ አድራሹም «እውነቷን ነው፣ በእጇ አልሰጠኋትም» ሊልላት ተስማምቶ፣ ጠዋት አብረው ችሎት ሊቀርቡ ነበር።

መርማሪው ገና ሲገባ «ማንም ከግቢው እንዳይወጣ!» ብሎ አዘዘ።

ልብስ ሰፊዋ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ጌታዬ፣ ቀጠሮዬ አሁን ነው! ዛሬ ከቀረሁ ከነልጆቼ ሜዳ ላይ መውደቄ ነው።»

«ሰው ሞቷል እኮ፣ እመቤት። ትንሽ ይታገሡኝ።»

የባሏ ወንድም ሳይጠየቅ የሚመልስ ዓይነት ሰው ነው። «እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። በሬን አልፎ ወደ እሷ ሲወጣ ሰምቻለሁ። ከዚያ ጭቅጭቅ፤ ከዚያ ዱብ! ገፍትራው ነው።»

«ኧረ እግዜርን ፍራ! ድምፁንም አልሰማሁ!» ብላ ልብስ ሰፊዋ እሪ አለች።

መርማሪው የሟቹን መዳፎች ገልብጦ አየ። ንጹሕ ናቸው። ከዚያ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ እስከ ላይ ወጥቶ ሲመለስ የራሱ እጅ አረንጓዴ ሆኗል።

«ውይ!» አለ የግቢው ዘበኛ። «ማለዳ ነው የቀባሁት፣ ጌታዬ። የተረፈውን ቀለም ልመልስ ሄጄ ስመጣ ነው ይሄ ጉድ የጠበቀኝ።»

«ሟቹ ደረጃ አወጣጡ እንዴት ነበር?»

«እሱ? ጉልበቱ ከከዳው ቆየ። መደገፊያው ላይ ሙጭጭ ካላለ አንድ ደረጃ አይወጣም። ታች ቆሞ ይጣራል፤ ከቤተሰቡ ለወረደለት ሰው ሰጥቶ ይሄዳል።»

መርማሪው ሁሉንም ደረጃው ሥር ሰበሰባቸው።

«እጁ ላይ ቀለም የለም። ስለዚህ አልወጣም፤ ካልወጣ ደግሞ ከላይ አልወደቀም። የሞተው እዚሁ ተገፍትሮ፣ የደረጃው ጠርዝ ጭንቅላቱን መትቶት ነው። ሲወጣ ሰማሁ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እሷስ ወርዳ ብትገፋው?» አለ የባሏ ወንድም፣ ላቡን እየጠረገ።

«ቤቷ ያለው በእሱ ምላስ ላይ ነበር። የምትድንበትን ምስክር በቀጠሮዋ ጠዋት ትገድላለች? መጥሪያውን ያመጣ ቀንም ታች ሆኖ ተጣራ። የወረድክለት አንተ ነህ። ቤተሰብ መሆንህን እንጂ ከሳሹ መሆንህን አላወቀም። ሲያውቅ ሊመሰክር ተነሣ።»

የባሏ ወንድም ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ተመለስ ብዬ ለመንኩት! እምቢ ሲለኝ ገፋሁት። ይሞታል ብዬ መች አሰብኩ!»

ፖሊሶች እጁን በካቴና አስረው ሲወስዱት የልብስ ሰፊዋ ስልክ ጮኸ። የደወለው ችሎት በር ላይ ሲጠብቃት ያረፈደው፣ ማመልከቻዋን የጻፈላት ሰው ነው። ድምፁ ለሁሉም ተሰማ።

«የት ቀረሽ? ስምሽ ተጠርቶ የለሽም። በቃ፣ ማመልከቻሽን ዘጉት።»

መርማሪው ዓይኑን የሚጥልበት አጣ። ነፍሰ ገዳይ ይዞ እንዲህ ያፈረበት ቀን የለም።

«ያስቀረሁዎት እኔ ነኝ» አለ። «እኔው ራሴ ዳኛው ፊት ቆሜ እመሰክርልዎታለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ አስከሬኑ የተሸፈነበትን ጨርቅ እያየች፣ «እሱም እንዲሁ ብሎኝ ነበር» አለች።