የሌላ ሰው ምድጃ

«ድስቱን አማስይ፤ ወደ እኔ ግን አትዪ» አላት ሞገስ ፎቶ ሊያነሳት ስልኩን ከፍ አድርጎ። «እንደዚህ! አሪፍ ነው።»

ሩታ አማሰለች። ሽሮው የእሷ አልነበረም። ድስቱም፣ ከሥሩ ሰማያዊ ነበልባል የሚተፋው የባዮጋዝ ምድጃም የጎረቤታቸው የእትዬ ገበያነሽ ነበር። እትዬ ገበያነሽ በገዛ ወጥ ቤታቸው በር ላይ እንደ እንግዳ ቆመዋል።

ሥራውን ልታይ ከፌዴራል የመጣችው ሴትዮ ጎንበስ ብላ ገባች። «ምድጃው እናንተ ቤት ከተሠራ ቆየ?» ስትል በፈገግታ ጠየቀቻት።

ሩታ ሞገስን አየችው። የቀበሌው የኢነርጂ ባለሙያ እሱ ነው፤ ቅንድቡን ብቻ አነሳ።

«አዎ» አለች ሩታ። «አሁን ጭስ የለም። እናቴም ሳሏ ተሻላት።»

እናቷ በዚያች ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ባለው ቤታቸው የእርጥብ እንጨት ጭስ እያፈናት ትስል ነበር።

ባለፈው በጋ «ላም ያለውና ለባዮጋዙ የእበት ጉድጓድ ራሱ የሚቆፍር ሰው ከፌዴራል በጀት ሲሚንቶና ምድጃ ይሰጠዋል» ሲባል፣ ከሰፈራቸው መጀመሪያ ዶማ ያነሳው አባቷ ሕዝቅያስ ነበር። ሩታም ከትምህርት ቤት ስትመለስ አፈሩን በጆንያ ታወጣ ነበር። ጉድጓዱ አለቀ። በጀቱ ግን እነሱ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ክረምት ገባና ውሃ ሞላው፤ ጥጃቸው ገብታ ሞተችበት። ያኔ ነው ሞገስ ወደ ቤታቸው የመጣው።

«ሪፖርቱ ካላማረ ሌላ ብር አይለቀቅም» አላቸው። «እናንተ ቤት ተሠርቷል የሚል አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ሲሚንቶ እናንተ በር ላይ ይራገፋል።»

ከፎቶው በኋላ በጀቱ በእርግጥም ተለቀቀ። ሲሚንቶ የጫነው አይሱዙ ወደ ሰፈራቸው ወደ ቡሹሎ ሲገባ ሩታና አባቷ አጥራቸው ጥግ ወጥተው ጠበቁት። አልፏቸው ሄደ። ሁለቱም ወደ ሞገስ ቢሮ ቀበሌ ሄዱ።

«ጋሽ ሕዝቅያስ፣ እርስዎማ ተሠርቶልዎታል ተብሎ ተመዝግቧል እኮ» አለ ሞገስ ጠረጴዛውን እያየ። «ልጅዎ ራሷ ለፌዴራሎቹ ተናግራለች። አሁን አልተሠራም ብል እኔን አያስሩኝም?»

አባቷ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። «እሺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ወጣ። ሩታን ያ «አዎ» ያለችው ቃል አፏ ውስጥ እንደ ሬት መረራት።

እሁድ ከቸርች ሲመለሱ አባቷ ዓይኗን ሳያይ፣ «ነገም እንግዶች አሉ አሉ» አላት። «ሞገስ ደውሎ ነበር። አንቺ ስለለመድሽው… ምናልባት የተረፈ ሲሚንቶ ካለ…»

«አባ፣ ፎርጅድ ነው እኮ! ሰው ምድጃ ላይ ቆሜ ስንቴ ልዋሽ?»

«እኔስ መች ጠፋኝ? እናትሽን አታያትም?»

እናቷ ከኋላቸው ቀርታ፣ ደረቷን በእጇ ደግፋ ትስላለች።

በማግሥቱ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለበሰች። ወደ እትዬ ገበያነሽ ቤት አልሄደችም። መንገዱ ጠቦ መኪና ሁሉ ቀስ በሚልበት፣ ከአጥራቸው ፊት ለፊት መሀል መንገድ ላይ ቆመች። እዚያ ከቆመ መኪና ውስጥ ላለ ሰው በአጥሩ ክፍተት ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይታያል። አባቷ ከበር ሆኖ አያት። «ነይ ግቢ» አላላትም። «አይዞሽ»ም አላላትም።

እንግዶቹን የያዘች ነጭ መኪና አቧራ እያስነሳች መጣች። ከፊት የተቀመጠው ሞገስ ሲያያት ፈገግታው ጠፋ፤ ዘወር በይ እንደማለት እጁን አወናጨፈ። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ።

ሩታ ከመንገዱ አልወጣችም።