በአንድ እጅ የሚዞር መሪ

«አትንካው!» ብዬ ጮህኩ። ዘገየሁ።

ቲሆሚር ገና ከቶርኖው የወረደውን የጋለ ክብ ብረት፣ የሞተር ቺንጋ የሚዞርበትን ፑሌጃ፣ አፈፍ አድርጎ መልሶ ጣለው። እጁን ይዤ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ነከርኩለት።

«እንግዳ የምትቀበሉት እንዲህ ነው?» አለኝ፣ እንባው እየመጣ እየሳቀ።

«ሳያስፈቅድ የሰው ዕቃ የሚያነሳ እንግዳ አይባልም፤ ሌባ ነው።»

«እሺ፣ ሌባውን ልቀቂዋ!»

አልለቀቅኩትም። የዚያን ቀን ነው በፍቅሩ ያለቀልኝ...

በሰርቢያዋ ከተማ በኡዢጼ የአባቴን ጋራዥ የወረስኩት እኔ ዳሪንካ ነኝ። ቲሆሚር ደግሞ በየዓመቱ በተራራው መንገድ ላይ ሽቅብ የሚሽቀዳደም ሾፌር ነበር። ያን በጋ በየምሽቱ እየመጣ በርበሬ ጠብሰን በላን፣ ተሳሳቅን። ሲሄድ ከመኪናው ኋላ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ እደፋለት ነበር። እኛ ዘንድ መንገደኛ መንገዱ እንዲቀናው ውሃ ይደፋለታል።

«መኪናዬን ልታዝጊያት ነው?» እያለ ይስቃል።

መኸሩ ሲቃረብ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ እንዲህ አለኝ።

«የሞተሩን ጉልበት የሚበላውን ሁሉ አውጪልኝ። የማቀዝቀዣውን ኮምፕሬሰር፣ የመሪውን ፓምፕ... ቺንጋው ዲናሞውንና የውሃውን ፓምፕ ብቻ ያዙር። ከውድድሩ በኋላ ለቅዱስ ድሜጥሮስ በዓል እንጋባለን።»

ኮምፕሬሰሩን አወጣሁ። መሪውን የሚያቀልለውን ፓምፕ ለማውጣት ግን እጄ እምቢ አለኝ። ጃኬቱን ሲለብስ ከንፈሩን ነክሶ ግራ ትከሻውን እንደሚያስታምም አይቻለሁ። እሱ አንድም ቀን አልነገረኝም። መሪው ከከበደበት ጠመዝማዛው ላይ አያዞረውም፤ ይሞትብኛል።

ስለዚህ ፓምፑን ኮምፕሬሰሩ ወደነበረበት ባዶ ቦታ አወረድኩት። ቀስ ብሎ እንዲዞርና ጉልበት እንዳይሻማ ትልቅ ፑሌጃ ቀረጽኩለት። ቺንጋው የውሃውን ፓምፕ ጥሩ አድርጎ እንዲያቅፍም ጎኑን የሚጫን ትንሽ ፑሌጃ ጨመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

መኪናውን ሊወስድ ከጓደኛው ከብራንኮ ጋር መጣ። ገብቶ መሪውን ነካ ሲያደርገው በአንድ ጣት ዞረ። ፊቱ ተለወጠ።

«ፓምፑ አለ።»

«አለ። ግን ብዙም አይጎትትህም፣ እየው...»

«አውጪ አልኩሽ እኮ!»

«ትከሻህስ?»

ብራንኮ በሳቅ ፈነዳ። «ቲሆ! ለነፍሰ ጡር ነው እንዴ ያሠራሃት?»

«ማን ነገረሽ? እናቴ ናት?» አለኝ ቲሆሚር።

«ማንም። ዓይን የለኝም እንዴ?»

«አዘንሽልኝ ማለት ነው።»

«ወደድኩህ እንጂ!»

«የምትፈልጊው ባል ነው ወይስ በሽተኛ?» ብሎ በሩን ድርግም አድርጎ ሄደ።

ሌላ መካኒክ ዘንድ ወስዶ ፓምፑን አስወጣው፣ አጭር ቺንጋ አስገጠመ። የውድድሩ ጠዋት በደጄ ሲያልፍ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ወጣሁ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«እንዳትደፊ! ሆስፒታል አይደለም የምሄደው።»

ሙሉውን ማንቆርቆሪያ ይዤ ቀረሁ።

ከቀትር በፊት ብራንኮ እያለቀሰ መጣ። ጠመዝማዛው ላይ መሪው አልታዘዝ ብሎት ከመንገዱ ዳር መከላከያ ብረት ጋር ተላትሟል። ነፍሱ ተረፈች። የግራ እጁ ግን ከዚያ በኋላ መሪ ላይ ከማረፍ ያለፈ አቅም አልነበረውም።

ሆስፒታል ሄጄ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«በይው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ነግሬህ ነበር በይኝ።»

«አልልም።»

«ባትይውም ፊትሽ ላይ አለ። ባየሁሽ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው... አልችልም ዳሪንካ።»

«አልተቀየምኩህም እኮ!»

«እሱ ነው የሚገድለኝ።»

ቅዱስ ድሜጥሮስ መጣ፣ አለፈ። እኔ ብራንኮ ጎትቶ ያመጣልኝን የቲሆሚርን መኪና አፍንጫውን ሳቃና፣ ፓምፑን መልሼ ስሰካ፣ ረጅሙን ቺንጋ ስገጥም ከረምኩ። መንዳት ከቻለ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ነበር። ሞኝ!

መጣም። በረዶ ሳይጥል መጣ። ገብቶ ተቀመጠና መሪውን በቀኝ መዳፉ ዳር እስከ ዳር አዞረው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ቀላል ናት» አለ።

«ወዴት ልትሄድ ነው?»

«ኖቪ ሳድ፣ እህቴ ጋ። ሥራ አግኝታልኛለች።»

«ትመለሳለህ?»

«ዋሽቼሽ አላውቅም» አለኝ። «አልመለስም።»

እንዲመጣልኝ ብዬ የሠራሁት መሪ እሱኑ ይዞብኝ ሊሄድ ነው። ልበጥሰው አልኩ ቺንጋውን... በገዛ እጄ የገጠምኩትን!

ሞተሩን አስነሳ። ቺንጋው ድምፅ እንኳ አላሰማም።

«ውሃ አትደፊልኝም?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ማንቆርቆሪያውን አመጣሁ። ግማሹ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ከኋላው ደፋሁለት።

መንገዱ ቀናው። በሰላም ገባ አሉኝ።