ዚነት የተመዘገበችበት ቀን

በግንቦት 1965 ቆቦ ላይ፣ ከገበያው ዳር ካለው ግራር ሥር፣ ሙሀመድሰይድ ለእንደራሴ ምርጫ መራጮችን ይመዘግብ ነበር። ስምንተኛ ክፍል በመጨረሱ ያገኛት የሁለት ወር ሥራ ናት። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና ሰልፈኛው ሁሉ የእርዳታ እህል ምዝገባ መስሎት ባዶ ከረጢት ይዞ ይመጣል። እሱም «የምርጫ ነው» እያለ፣ እያፈረ ይመልሰዋል።

ዚነት እስክትመጣ ድረስ።

አባቷን ደግፋ፣ ትንሽ እህቷን አስከትላ ከፊቱ ቆመች። ፊቷ ከስቷል፤ ዓይኗ ግን ቀና ብሎ ያያል።

«ወንድም ጋሼ፣ ወደ ደሴ ልንሄድ መንገድ ጀምረን ነበር። የምርጫ ነው ይላሉ። እህልስ አለው?»

የለውም ካላት ትሄዳለች። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ የመራጭ ዕድሜ እንዲሞላላት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ሃያ አንድ ብሎ ጻፈ።

«ለተመዘገበ አለው። ሰኔ መጨረሻ ይሰጣል፤ አብሽሪ» አላት።

«አላህ ያክብርህ ልጄ» አሉ አባቷ።

ከመስጊዱ ግድግዳ ሥር ተጠልለው ሰነበቱ። ሥራ ሲፈታ ከቤቱ ያመጣውን ቆሎ ያካፍላቸዋል። እፍኝ ቆሎ ለሦስት ሰው ምን ሊሆን። አንድ ቀን «ስሜን አሳየኝ» አለችውና መዝገቡን ገለጠላት።

«ይቺ ናት እኔ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ትንሽዬ ነኛ» ብላ ሳቀች።

በዚያች ሳቅ ልቡ ጠፋ። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ይነሳል፤ ሲያያት ይረሳዋል። ይረሳዋል ማለት ውሸት ነው፤ ይፈራል።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አባቷ መነሳት አቃታቸው፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ቀባሪ ጠፍቶ ጉድጓዱን ሙሀመድሰይድ ራሱ ቆፈረ። ያኔም አልነገራትም።

የምርጫው ዕለት ዚነት ከረጢቷን ይዛ ከሁሉ ቀድማ መጣች። የተወዳዳሪዎቹ ምልክት፣ ማረሻና ሰዓት፣ የታተመበት ወረቀት ሰጧት። ገልብጣ አየችው።

«እህሉስ?»

«እህል የለም ዚነት። ድሮም አልነበረም። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

አልጮኸችም።

«ያን ቀን አባቴ መራመድ ይችል ነበር» አለችው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እህቷን ይዛ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣች።

መዝገቡን ጥሎ ተከተላት። እስከ ሮቢት ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላዋ ሄደ። ዞራ አላየችውም፤ ተመለስም አላለችውም። እዚያ ሲደርሱ ትንሿ ልጅ ጉልበቷ ከዳትና ዚነት ቆመች።

«እዘላት» አለችው።

ደሴ ገብተው፣ ከዓመት በኋላ ኒካህ አሰሩ፤ ልጆችም ወለዱ። ትወደዋለች፤ ይህን የሚጠራጠር ጎረቤት የለም። ግን እስከ ዛሬ፣ ሙሀመድሰይድ «ዳቦ ገዝቼ እመጣለሁ» ሲላት ፊቱን ትክ ብላ ታየውና «ወላሂ በል» ትለዋለች። እሱም ይምላል። እሷ ግን እስኪመለስ ድረስ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።