ህንድ የገባው ፈረስ

ኪዳነወልድ የጠቀለለውን ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ ሰሌዳው ላይ ሲለጥፍ፣ ዙለይካም እንደ ሌላው ተማሪ ሥዕሉን ገና ማየቷ ነበር። የክርክር ጓደኛው ሆና ሳለ አንድ ቃል አልነገራትም።

«ይህ የድንጋይ ማኅተም ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የተቀረጸ ነው» አለ ኪዳነወልድ፣ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ ረጋ አድርጎ። «እንደምታዩት ፈረስ ነው። እነ ሊዲ ፈረስን ህንድ ያስገቡት ከውጭ የመጡት ሰዎች ናቸው ብለውናል። ታዲያ ይሄ ቀድሞ እዚያ ምን ይሠራል?»

ክፍሉ አጨበጨበ። ከወዲያ በኩል፣ ከተቃራኒው ቡድን፣ ሊዲ ወረቀቶቿን አገላበጠች።

ርዕሱን የመረጡት የታሪክ አስተማሪያቸው ቲቸር ዘርፉ ናቸው። ባለፈው መንፈቅ «አዳማ ላይ ቀድሞ የሠፈረ ማን ነው?» ብለው አከራክረው፣ ነገሩ ከክፍል አልፎ ወላጅ አስጠርቶ ነበር። በዚህኛው «መጤ» የሚለውን ቃል ከልክለው ወደ ሩቅ አገር ሸሹ። በህንድ ማንም አይኮራረፍም ብለው ነበር፤ ተሳስተዋል። ለየትኛው ወገን እንደሚከራከር የወሰነለት ዕጣ መሆኑን ሁሉም ረስቶ፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሰላምታ እስከ መንፈግ ደርሷል።

ክርክሩ እንዲህ ነው። የሰሜን ህንድ ጥንታዊ ቋንቋ ከፋርስና ከአውሮፓ ቋንቋዎች ጋር ዝምድና አለው። አንዱ ወገን ቋንቋውን ይዘው የመጡት ፈረስና ሠረገላ የነበራቸው ከብት አርቢዎች ናቸው ይላል፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎችም ወደዚህ ያደላሉ። ሌላው ወገን ደግሞ ሰዎቹ ከጥንትም እዚያው ነበሩ፣ ወደ ውጭ የወጣው ቋንቋው ነው ባይ ነው። ለእነ ዙለይካ የደረሳቸው ይኸኛው ነው፤ ዳገት ነው። ከሁሉ የከፋቸው ፈረሱ ነበር። በጥንታዊዎቹ የህንድ ከተሞች ማኅተሞች ላይ በሬ አለ፣ ዝሆን አለ፣ አውራሪስም አለ፤ ፈረስ ግን የለም። አሁን ግን ይኸው ተገኘ።

ዙለይካ ዓይኗን ከፈረሱ ግራ ጆሮ ላይ መንቀል አቃታት። ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቋል። ይህን ጆሮ ታውቀዋለች። ጋሪ ከአስፋልት ከተባረረ ወዲህ፣ ጋሽ መርዳሳ ከሰፈራቸው እስከ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ብቻ ነው ሰው የሚያመላልሱት። ዙለይካም ጠዋት ጠዋት በእሳቸው ጋሪ ትሄዳለች። የፈረሳቸው የዳማ ጆሮ የተሰነጠቀው የአጥር ሽቦ ቀዶት ነው። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ቀጥሎ ግን አፈረች።

ከማጠቃለያው በፊት አጭር ዕረፍት ተሰጠ። ሊዲ መጥታ ማኅተሙን የት እንዳገኙት ጠየቀቻት። ብዙ ፈልጋ እንዳላየችው፣ ስታነብ አምልጧት መሆን እንዳለበት ነገረቻት። ድምጿ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ይህም ዙለይካን ይበልጥ ከበዳት። ኪዳነወልድን እጁን ይዛ ወደ ውኃ ቧንቧው ወሰደችው።

«ዳማ ነው» አለችው።

እንዴት እንደሠራው ነገራት። ዋናው ማኅተም ላይ ያለው ፊቱ የተሰበረ በሬ ነበር። የጎደለውን ክፍል ከዳማ ፎቶ ቆርጦ በስልኩ ሞልቶታል፤ ስንጥቁን ማጥፋት ግን ረስቷል።

«አሁን አታካብጂ ዙሊ» አለ። «ፈረስ ያደርሳል ይባል የለ? ቢሾፍቱ ያደርሰናል። ውሸቱ የኔ ነው፤ አንቺ መድገም ብቻ ነው ያለብሽ።»

ያሸነፈው ቡድን ቢሾፍቱ ሄዶ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ይከራከራል። ማጠቃለያውን የምትናገረው ደግሞ ዙለይካ ናት፤ በቲቸር ዘርፉ ሕግ መሠረት ማጠቃለያ የሚጀምረው የወገንን ጠንካራ ነጥብ በመጥራት ነው። ዝም ብሎ ማለፍ የሚባል ነገር የለም።

እሷን ያስጨነቃት ግን ቢሾፍቱ አልነበረም። አምና ከዓለም ጤና ከተማ ተዛውራ ስትመጣ፣ ክፍሉ ሙሉ ሆኖ በር ላይ ቆማ ቀርታ ነበር። ያን ጊዜ ኪዳነወልድ ቦርሳውን ከዴስኩ ላይ አንሥቶ «ነይ፣ እዚህ ሰው የለም» አላት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አስቀምጦ ቦታ ይይዝላታል። ሌላ ጓደኛ የላትም። እሱን ማጣት ፈራች።

ስሟ ተጠራ። ሰሌዳው አጠገብ ቆማ «የወገናችን ጠንካራ ነጥብ» ብላ ጀመረችና አቆመች። ሊዲ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ ልትጽፈው ነው።

ዙለይካ ዞራ ወረቀቱን ከሰሌዳው ላይ አነሣችው።

«ይህ ፈረስ ህንድ የገባው በዚህ ሳምንት ነው» አለች። «የመጣው ከአዳማ ነው። ያስገባነው እኛ ነን።»

ከኋላ አንዱ ጆሮውን ለይቶ «ዳማ አይደል እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ዘርፉ አልሳቁም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ እኛ ስትል ማንን ማለቷ እንደሆነ ጠየቋት።

«ቡድናችንን» አለች።

ኪዳነወልድ ቀና አላለም።

«ፈረሱ ከወጣ የሚቀረን ወንዙ ነው» ብላ ቀጠለች። በዚያ ጥንታዊ ቋንቋ በተደረሰ መዝሙር የተወደሰ ትልቅ ወንዝ እንደነበር፣ ብዙዎች ያ ወንዝ ነው የሚሉት ቦታ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ መሆኑን፣ ያወደሱት ሰዎች ውኃው ሞልቶ ሲፈስ ያዩት፣ ማለትም ከመድረቁ በፊት እዚያው የነበሩ ናቸው ብሎ ወገኗ እንደሚከራከር አስረዳች። መቼ እንደደረቀ ሊቃውንቱ እንዳልተስማሙም ጨመረችበት። ሊዲ ይህን ጻፈች። የፈረሱን ያህል የሚያስጨበጭብ ነገር አልነበረም፤ ማንም አላጨበጨበም።

ወደ ቦታዋ ስትመለስ የኪዳነወልድ ቦርሳ ዴስኩ ላይ ተቀምጧል። ኪዳነወልድ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ጠዋት ቦርሳው ቦታዋን ይጠብቅላት ነበር፤ አሁን ግን ለምን እንደተቀመጠ አላወቀችም። ከኋላ ባዶ ወንበር ነበር፤ አይታዋለች።

ቦርሳውን ራሷ አነሣች። ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።